የደሴ ዙሪያ የውሃ ዳርቻዎች፤ ለመዝናናትና ለዋና የሚሄድ ተጓዥ ሊያውቃቸው የሚገቡ ጉዳዮች

ከአዲስ አበባ በስተሰሜን 400 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው የደሴ ከተማ በጦሳ ተራራ ግርጌ የተቆረቆረች የደጋ ከተማ ናት። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1870ዎቹ ዓመተ ምሕረት በሥፍራው ድንኳናቸውን ተክለው ስሟን እንዳወጡላት ይነገራል። ንጉሥ ሚካኤል ደግሞ መናገሻቸው አድርገዋታል። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ በመሆኗ ማለዳዋ በጭጋግ የተሸፈነ፣ ምሽቷም ብርዳም ነው። በዚህም ምክንያት የከተማዋ ነዋሪ በሰንበትና በበዓል ቀን ሞቅ ወዳለው ዝቅተኛ ሥፍራ ወርዶ በውሃ ዳር አየር መቀበልን ልማድ ካደረገ ቆይቷል።

እንደ እድል ሆኖ ደሴ ውሃ የራቃት ከተማ አይደለችም። በግማሽ ቀን ደርሶ ለመመለስ በሚያስችል ርቀት ውስጥ ሐይቅ፣ አርዲቦና ማይባር የተባሉ ሦስት የተፈጥሮ ሐይቆች ይገኛሉ። ከሦስቱ በስፋትም ሆነ በታሪክ ቀዳሚውን ሥፍራ የሚይዘው የሐይቅ ሐይቅ ሲሆን፣ የዚህ ጽሑፍ ትኩረትም በአብዛኛው በእርሱ ላይ ነው። ስለ ሐይቁ ውበት ብዙ ተጽፏል። ወደ ውሃው ገብቶ መዋኘትን በሚመለከት ግን ጎብኚው ማወቅ የሚገባው ነገር በማስታወቂያ ወረቀቶች ላይ ሲሰፍር እምብዛም አይታይም። ጉዳዩ የጤና ጉዳይ በመሆኑ ከሥፍራው ገለጻ ጋር አያይዞ ማቅረቡ ተገቢ ይሆናል።

ወደ ሐይቅ የሚወስደው መንገድ ደሴን ከወልዲያ የሚያገናኘው የአስፋልት መንገድ ነው። ርቀቱ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ከደሴ መናኸሪያ የሚነሱ ሚኒባሶች ወደ ሐይቅ ከተማ ያደርሳሉ። መንገዱ ከደጋው ወደ ወይና ደጋው እየወረደ ሲሄድ የአየሩ ጠባይ መለወጡ በግልጽ ይታወቃል። በደሴ ጋቢ ደርቦ የተነሳ መንገደኛ ሐይቅ ከተማ ሲደርስ ጋቢውን አጥፎ በክንዱ ላይ ያኖረዋል። በአውሮፕላን የሚመጣ ተጓዥ የሚያርፈው ከደሴ በስተደቡብ ምሥራቅ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው የኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ነው።

በደቡብ ወሎ ዞን የተሁለደሬ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው ሐይቅ ስሟን ያገኘችው ከውሃው ነው። ስሙ ለሰሚው ግር ይላል፤ "የሐይቅ ሐይቅ" ማለት ስሙን ደግሞ መጥራት ይመስላልና። አንዳንዶች "ሎጎ ሐይቅ" በማለት ከሌላው ይለዩታል። በግዕዝ "ሐይቅ" የሚለው ቃል የውሃውን አካል ብቻ ሳይሆን የባሕርን ዳር፣ ማለትም የውሃንና የየብስን መገናኛ ጠረፍ ጭምር የሚያመለክት መሆኑን የቋንቋው ሊቃውንት ያስረዳሉ። በዚህ ትርጓሜ ከተወሰደ ስሙ ለመዝናኛ ዳርቻም የሚስማማ ነው።

ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ በ2,000 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ በተራሮች ተከቦ ይገኛል። ስፋቱ ከ20 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን፣ ጥልቀቱ እጅግ በሚበዛበት ቦታ ከ80 ሜትር ያልፋል። ይህ ጥልቀት ዋናተኛን የሚመለከት ቁም ነገር ነው። የውሃው ስፋት መጠነኛ፣ ጥልቀቱ ግን ብዙ በመሆኑ ከዳር በአጭር ርቀት እግር መሬት የማይረግጥባቸው ቦታዎች አሉ። ሐይቁ በምድር ላይ የሚታይ መውጫ ወንዝ የለውም። በደቡብ ምሥራቅ በኩል ከፍ ብሎ የሚገኘው የአርዲቦ ሐይቅ ትርፍ ውሃውን በአንከርካ ወንዝ አማካይነት ወደዚህኛው ያፈሳል፤ በክረምት ደግሞ ከዙሪያው ተራሮችና እርሻዎች የሚወርደው ጎርፍ ይጨመርበታል። ወደ ሐይቁ የገባ ነገር ሁሉ በሐይቁ የሚቀር በመሆኑ የዳርቻው ንጽሕና ጉዳይ ወራጅ ውሃ ካለው ሐይቅ ይልቅ ለዚህኛው ያሳስባል።

የሐይቁ ዳርቻ እንደ ላንጋኖ ሰፊ አሸዋ የተነጠፈበት አይደለም። ሣርና ጠጠር ይበዛበታል። አልፎ አልፎም ቄጠማና ሸምበቆ መሰል የውሃ ዳር ዕፅዋት የሸፈኑት ረግረግ አለ። ለመቀመጥና ለማረፍ የሚመረጠው በምዕራብ በኩል ያለው ወደ ከተማዋና ወደ ባሕረ ገብ መሬቱ የቀረበው ዳርቻ ነው። ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ውሃውን ለሚመለከት ሰው ማለዳ የሐይቁ ገጽ እንደ መስተዋት ጸጥ ብሎ የዙሪያውን ተራሮች ያሳያል። ከቀትር በኋላ ግን ነፋስ ሲነሳ ማዕበል መፍጠሩ የተለመደ በመሆኑ በጀልባ መጓዝ የፈለገ ሰው የጠዋቱን ሰዓት ቢመርጥ ይጠቀማል።

በውሃው ዳር የሚቀርበው ምግብ አሳ ነው። ቀረሶ በመባል የሚታወቀው የአሳ ዝርያ ለሐይቁ ነባር አልነበረም፤ በ1970 ዓ.ም አካባቢ ከሌላ ሥፍራ ተወስዶ የተጨመረ ሲሆን፣ ተራብቶ ለአካባቢው አስጋሪዎች የገቢ ምንጭ ሆኗል። አምባዛም በሐይቁ ይገኛል። አሳው ከውሃ እንደወጣ ተጠብሶ በእንጀራና በሚጥሚጣ ሲቀርብ ከደሴ ድረስ የመጣውን ሰው ድካም ያስረሳል። አሳ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር በሊቃውንቱ ዘንድ ያለ ጉዳይ ቢሆንም፣ በጾም ወራት አሳ ፈላጊው መብዛቱን ግን ማንም አይክደውም።

ከባሕረ ገብ መሬቱ ላይ የሚገኘው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ ከፍተኛ ሥፍራ አለው። የቤተ ክርስቲያኑ መመሥረት ወደ 9ኛው መቶ ዓመት እንደሚደርስ ትውፊቱ ያስረዳል። ሥፍራው የታላቅ ገዳምነትና የትምህርት ማዕከልነት ዝናውን ያገኘው ግን በ13ኛው መቶ ዓመት በአቡነ ኢየሱስ ሞዐ አማካይነት ነው። አቡነ ተክለ ሃይማኖት በዚህ ገዳም ከአቡነ ኢየሱስ ሞዐ ዘንድ እንደተማሩ ገድላቱ ይተርካሉ። የገዳሙ አበምኔት "ዓቃቤ ሰዓት" በሚል ማዕረግ በቤተ መንግሥት ከፍተኛ ተሰሚነት ከነበራቸው ባለሥልጣኖች አንዱ ነበር። አቡነ ኢየሱስ ሞዐ ለገዳሙ ያስጻፉት የአራቱ ወንጌላት መጽሐፍ በ13ኛው መቶ ዓመት መገባደጃ የተጻፈ ሲሆን፣ ዕድሜያቸው በእርግጠኝነት ከሚታወቅ ቀደምት የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት መካከል ይቆጠራል።

ሥፍራው በዚያ ዘመን ባሕረ ገብ መሬት ሳይሆን ደሴት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ሐይቁን ሲገልጽ መነኮሳቱ ወደ ደሴቱ የሚመላለሱት ከደንገል በተሠራ ታንኳ መሆኑን፣ በደሴቱም ሎሚና ብርቱካን መኖሩን ጽፏል። በውሃው ውስጥ ጉማሬ መኖሩንም ጠቅሶ የአገሩን ስም ሳይቀር አስፍሯል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ጦር በአካባቢው በዘመተበት ወቅት ወደ ደሴቱ ለመድረስ መሻገሪያ ታንኳ ማሠራት እንዳስፈለገው የዘመቻውን ታሪክ የጻፈው ዐረብ ፋቂህ ይተርካል። ዛሬ ወደ ገዳሙ በእግርም ሆነ በመኪና በደረቅ መሬት መግባት ይቻላል። ውሃው በመሸሹ ደሴቱን ከየብስ ጋር ያገናኘው መሬት ብቅ ማለቱ ሐይቁ ባለፉት መቶ ዓመታት ምን ያህል እንደቀነሰ የሚያሳይ ምልክት ነው።

የአካባቢው ሰዎች ስለ ሐይቁ አፈጣጠር የሚናገሩት አፈ ታሪክም ይህንኑ ደሴት የሚመለከት ነው። አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት በአንዲት ልዕልት ብትበደል ፈጣሪ ተቆጥቶ በዙሪያዋ ያለውን ምድር ወደ ውሃ እንደለወጠው፣ ሴቲቱ የተቀመጠችበት ቦታ ብቻ ደረቅ ሆኖ እንደቀረና ያም የገዳሙ ሥፍራ እንደሆነ ይነገራል። በሴት በደል ምክንያት ተረፈ በሚባለው በዚህ ምድር ላይ በሚገኘው የወንዶች ገዳም ዛሬ ሴቶች እንዳይገቡ ሥርዓቱ ይከለክላል፤ በአቅራቢያው ደግሞ የሴቶች ገዳም አለ። ጎብኚዎች ይህንን አውቀው ቢሄዱ ከደጃፍ ላይ ቅር ከመሰኘት ይድናሉ። ዓመታዊው የቅዱስ እስጢፋኖስ በዓል ጥቅምት 17 ቀን እና ጥር 1 ቀን የሚከበር በመሆኑ በእነዚህ ቀናት ሥፍራው በምእመናን ይሞላል። በገዳሙ አቅራቢያ ባለው ውሃ ልብስ አውልቆ መዋኘት ለሥፍራው ክብር የማይመጥን መሆኑንም መገንዘብ ያስፈልጋል።

ከላይ እንደተጠቀሰው ከዚህ ሁሉ ውበት ጎን ለጎን መታወቅ ያለበት ዐቢይ ጉዳይ የቢልሃርዚያ በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ ጥናት የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች በሐይቅ ከተማ ተማሪዎች ላይ ባካሄዱት ምርመራ የአንጀት ቢልሃርዚያ በአካባቢው የሚተላለፍ መሆኑን አረጋግጠው ሥፍራውን አዲስ የበሽታው መገኛ አድርገው መዝግበዋል። በሽታው በሕፃናቱ ላይ መገኘቱ የሚያስደንቅ አይደለም። በውሃ ዳር ያደገ ልጅ መታጠቢያው፣ መጫወቻውና ዋና መልመጃው ያው ውሃ ነውና።

የቢልሃርዚያ አመጣጥ ቀላል የማይመስል ግን ቀላል ነው። በበሽታው የተያዘ ሰው በውሃ ዳር ሲጸዳዳ፣ ወይም ዓይነ ምድሩ በጎርፍ ታጥቦ ወደ ውሃ ሲገባ የትሉ እንቁላል ይፈለፈላል። ከእንቁላሉ የወጣው እጭ በውሃ ውስጥ ወደሚኖር ቀንድ አውጣ ገብቶ ይራባል። ከሳምንታት በኋላ በዓይን የማይታዩ በርካታ እጮች ከቀንድ አውጣው ወጥተው በውሃው ላይ ይዋኛሉ። የሰው ገላ ሲያገኙም በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ቆዳን በስተው ይገባሉ። ውሃውን መጠጣት አያስፈልግም፤ እግርን ነክሮ መቀመጥ ብቻ ይበቃል። የትል ዘር በሰውነት ውስጥ ለዓመታት ሊኖር የሚችል ሲሆን፣ እንቁላሎቹ በአንጀትና በጉበት ላይ የሚያደርሱት ጉዳት ቀስ በቀስ የሚመጣ በመሆኑ ብዙ ሰው መታመሙን የሚያውቀው ዘግይቶ ነው።

እዚህ ላይ የከፍታው ጉዳይ ልዩ ትርጉም ይኖረዋል። በኢትዮጵያ የአንጀት ቢልሃርዚያ በአብዛኛው የሚተላለፈው ከባሕር ወለል በላይ ከ1,000 እስከ 2,200 ሜትር ባለው ከፍታ ውስጥ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ውሃ ለቀንድ አውጣውና በውስጡ ለሚያድገው እጭ እጅግ ይቀዘቅዛል። ደሴ ከዚህ ወሰን በላይ ስለሆነች የከተማዋ ነዋሪ በሰፈሩ ጅረት ይህ በሽታ አይገጥመውም፤ ስለዚህም አያስበውም። ሐይቅ ግን በወሰኑ ውስጥ ይገኛል። ከደሴ ተነስቶ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ወደ ሐይቁ የወረደ ሰው ብርዱን ብቻ ሳይሆን የበሽታውንም ድንበር ተሻግሯል ማለት ነው። ሙቀት ፍለጋ የሚወረድበት ሥፍራ ለቀንድ አውጣውም የሚስማማ መሆኑ የጉዳዩ ዋነኛ አስቸጋሪ ጎን ነው።

ቀንድ አውጣዎቹ በሁሉም ቦታ እኩል አይገኙም። የሚመርጡት ጸጥ ያለ፣ ጥልቀቱ አነስተኛ የሆነና ዕፅዋት የበዛበትን ዳርቻ ነው። ሰዎች ውሃ የሚቀዱበት፣ ልብስ የሚያጥቡበትና ከብት የሚያጠጡበት ሥፍራም አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው። እጮቹ ከቀንድ አውጣው በብዛት የሚወጡት ፀሐይ በበረታበት ቀትር አካባቢ በመሆኑ ለዋና እጅግ ደስ የሚለው ሰዓት አደገኛው ሰዓት ነው። ማዕበል በሚመታው ድንጋያማ ዳርቻና ከዳር በራቀ ጥልቅ ውሃ የመያዝ ዕድሉ ይቀንሳል። መቀነስ ግን አለመኖር አይደለም። ከዚህም ሌላ ከዳር መራቅ የመስጠምን አደጋ ያስከትላል። የሐይቁን ጥልቀት ላስታወሰ ሰው ከትል ለመዳን ወደ መሀል መዋኘት ብልህነት አይሆንም።

በሰው ዘንድ የተለመዱ አንዳንድ ግምቶች አሉ። ውሃው ጥርት ብሎ ከታየ ንጹሕ ነው የሚለው ግምት የተሳሳተ ነው፤ እጩ በዓይን አይታይም። ከውሃ እንደወጡ በፎጣ ጠንክሮ መድረቅ ይከላከላል የሚባለውም በመጠኑ ሊረዳ ይችል እንደሆነ እንጂ እምነት የሚጣልበት መከላከያ አይደለም። ከሐይቁ ተቀድቶ ለመታጠቢያ የሚውል ውሃ ለሁለት ቀንና ከዚያ በላይ ተጠራቅሞ ከቆየ፣ ወይም በደንብ ከሞቀ እጮቹ ይሞታሉ። በክሎሪን በአግባቡ የታከመ የመዋኛ ገንዳም ከዚህ በሽታ ነፃ ነው። መዋኘት የግድ ያሰኘው ሰው ገንዳ ያለውን የማረፊያ ሥፍራ ቢመርጥ፣ ሐይቁን ግን ለዓይኑና ለጀልባው ቢተወው ምንም አይጎድልበትም።

ወደ ውሃው የገባ ሰውም ቢሆን ተስፋ የሚያስቆርጠው ነገር የለም። በሽታው ፕራዚኳንቴል በተባለ መድኃኒት ይድናል። ምርመራው ግን በማግስቱ የሚደረግ አይደለም። ትሉ አድጎ እንቁላል እስኪጥል ድረስ በዓይነ ምድር ምርመራ ስለማይታይ፣ መድኃኒቱም ባደገው ትል ላይ እንጂ በለጋው ላይ ብዙም ስለማይሠራ፣ ከውሃው ከተገባ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንታት በኋላ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይመከራል። ከዚያ በፊት ትኩሳት፣ ሳል፣ የቆዳ ማሳከክ ወይም ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ ከታየ ግን ሳይዘገዩ መታየትና በሐይቅ ውስጥ መዋኘትን ለሐኪሙ መንገር ያስፈልጋል። በአዲስ አበባ ወይም በውጭ አገር የሚኖርና ለዘመድ ጥየቃ ወሎ ደርሶ የተመለሰ ሰው ይህንን ካልተናገረ ሐኪሙ ላያስበው ይችላል።

መንግሥት በኅዳር 2008 ዓ.ም ያስጀመረው አገር አቀፍ ትምህርት ቤት ተኮር የትላትል መድኃኒት እደላ ቢልሃርዚያንም የሚያካትት ነው። መድኃኒቱ የታመመውን ይፈውሳል፤ ውሃውን ግን አያጸዳም። የተፈወሰ ልጅ በማግስቱ ወደዚያው ውሃ ሲገባ እንደገና ይያዛል። በመሆኑም የመፀዳጃ ቤት መኖርና የንጹሕ ውሃ አቅርቦት ከመድኃኒቱ ተለይተው የሚታዩ አይደሉም። በዳርቻው ለሚገነቡ የመዝናኛ ሥፍራዎችም የፍሳሻቸው አያያዝ የእንግዳቸው ጤና ጉዳይ መሆኑን ሊገነዘቡት ይገባል።

በዚህ በሽታ ላይ በተደረገው ትግል ውስጥ የኢትዮጵያውያን ስም በክብር ይነሳል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ ባደረጉት ጥናት ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ግርጌ ቀንድ አውጣዎች ሞተው መገኘታቸውን ተመለከቱ። ከእናቶች ጓዳ የማይጠፋው እንዶድ በሽታ አስተላላፊውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል በዚሁ ታወቀ። ዶክተር አክሊሉና የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በዚህ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተዋል። ግኝቱ በስፋት ሥራ ላይ ለመዋል ያልታደለ መሆኑ እስከ ዛሬ ቁጭት ያሳድራል።

ወደ ሌሎቹ ሐይቆች ስንመለስ፣ አርዲቦ ከሐይቅ በስፋት ያነሰ፣ በከፍታ ግን የሚበልጥ ነው። ዳርቻው ጸጥታ ለሚሻ፣ በእግር መጓዝና አዕዋፍን መመልከት ለሚወድ ሰው ይስማማል። የመዝናኛ አገልግሎት የሚፈልግ ሰው ግን ምግቡንና ውሃውን ይዞ ቢሄድ ይሻለዋል። የሁለቱ ሐይቆች ውሃ የተያያዘ በመሆኑ ስለ ዋና የተነገረው ጥንቃቄ ለአርዲቦም መዋል ይኖርበታል።

ከደሴ በስተደቡብ በአልቡኮ በኩል የሚገኘው ማይባር ደግሞ በ2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ያለ አነስተኛ የደጋ ሐይቅ ነው። ውሃው ቀዝቃዛ ስለሆነ ዋናተኛን አይጋብዝም። ሥፍራው በሳይንቲስቶች ዘንድ የሚታወቀው በሌላ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 በስዊዘርላንድ ትብብር የተጀመረው የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮጀክት የመጀመሪያውን ጣቢያ ያቋቋመው በማይባር ሲሆን፣ ከደጋው ተዳፋት በየዓመቱ የሚታጠበው አፈር መጠን በዚያ ሲለካ ቆይቷል።

በአገራችን ከቢልሃርዚያ ነፃ ነው ተብሎ ለዋና በሰፊው የሚታወቀው ሐይቅ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ላይ የሚገኘው ላንጋኖ ነው። መልኩ ቡናማ በመሆኑ እንግዳ ሰው ቆሻሻ ይመስለዋል። መልኩን የሰጠው ግን በውሃው ላይ የሚንሳፈፈው ደቃቅ ማዕድን ነው። ጥርት ያለው የሐይቅ ውሃ የሚያስፈራ፣ ድፍርስ የሆነው የላንጋኖ ውሃ የሚዋኙበት መሆኑ በዓይን መፍረድ እንደማያዋጣ ያሳያል። ለደሴ ሰው ግን ላንጋኖ 600 ኪሎ ሜትር የሚሆን ጉዞ ነው። የሰንበት ከሰዓት በኋላ መዝናኛው ያው ደጃፉ ላይ ያለው ሐይቅ ነው።

ለጉዞ የሚመረጠው ወቅት ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ነው። ክረምቱ ካበቃ በኋላ ተራራው ለምለም፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ይሆናል። በሐምሌና በነሐሴ ጎርፍ የሚያመጣው ደለል ዳርቻውን ያደፈርሰዋል። በበልግ ወራትም ወሎ ዝናብ የሚያገኝ በመሆኑ ጃንጥላ መያዝ አይከፋም። በሞተር ጀልባ መንሸራሸር የሚፈልግ ሰው ከመሳፈሩ በፊት ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ የመንሳፈፊያ ጃኬት መኖሩን መጠየቅ፣ ከሌለም ከቀትር በፊት ቢሆን እንኳ ጉዞውን መተው ይገባዋል። ልጆች ከዳር ሲጫወቱ ከዓይን መለየት የለባቸውም። ዋጋን አስቀድሞ መነጋገርም ልማድ ነው።

አካባቢው ባለፉት ዓመታት ቀላል ያልሆነ ፈተና አሳልፏል። በሰሜኑ ጦርነት ወቅት በ2014 ዓ.ም የመጀመሪያ ወራት ደሴና ኮምቦልቻ በሕወሓት ኃይሎች ቁጥጥር ሥር ውለው በኅዳር ወር ማብቂያ ተለቅቀዋል። በዚያ ጊዜ የደሴ ሙዚየምን ጨምሮ በርካታ ተቋማት ተዘርፈዋል። ከ2015 ዓ.ም ወዲህ በአማራ ክልል የተከሰተው የትጥቅ ግጭትም የቱሪስቱን እግር አሳጥሮታል። በጎብኚ ገቢ የሚተዳደሩ ጀልባ ቀዛፊዎች፣ አሳ ጠባሾችና አስጎብኚዎች ጉዳቱ በቀጥታ የሚነካቸው ናቸው። ከሩቅ የሚመጣ ተጓዥ ከመነሳቱ በፊት የመንገዱን የጸጥታ ሁኔታ በዕለቱ ማጣራት ይኖርበታል።

ለእነዚህ ሰዎች ሲባል የቢልሃርዚያው ነገር ባይነሳ ይሻል ነበር የሚል አስተያየት አንዳንድ ጊዜ ይሰማል። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ በዚህ አይስማማም። በውሃው ዳር በግልጽ የሚነበብ ሰሌዳ ቢተከል፣ ዋና የማይመከርበት ሥፍራ ቢለይ፣ ጎብኚው ተቀምጦ አሳውን ከመብላትና በጀልባ ከመንሸራሸር የሚያግደው ነገር የለም። ሳያውቅ ዋኝቶ የታመመ ጎብኚ ግን ሁለተኛ አይመለስም፤ ለጎረቤቱም ይናገራል። የሐይቅ ከተማ ልጆች ደግሞ ሰሌዳው ቢኖርም ባይኖርም ከውሃው አይርቁም። ለእነርሱ የሚያስፈልገው በየሰፈሩ የቧንቧ ውሃና የመፀዳጃ ቤት ነው።

ወደ ደሴ የሚመለስ መንገደኛ ከሐይቅ ከተማ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቢነሳ ይመከራል። አመሻሹ ላይ ሚኒባስ እየሳሳ የሚሄድ ሲሆን፣ ዳገቱ ላይም ጭጋግ ቀድሞ ይወርዳል።